አጋም በእብናት፤ ከመስከረም እስከ ሐምሌ

እብናት በደቡብ ጎንደር ያለች ወረዳ ናት። ከተማዋም በዚሁ ስም ትጠራለች። ደብረ ታቦር ከእብናት በስተደቡብ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና የመጣ ሰው አዲስ ዘመን ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው።

የወረዳዋ መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። በደቡብ በኩል፣ ወደ ፋርጣ፣ ደጋ ነው። እዚያ ገብስ፣ ስንዴና ድንች ይበቅላል። በሰሜን በኩል፣ ወደ በለሳ፣ ቆላ ነው። እዚያ ማሽላና ጤፍ ይዘራል። ከተማዋ ያለችው በመካከል፣ በወይና ደጋው ላይ ነው።

እኛ እብናት የሄድነው ፍሬ ለማየት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሄድን፤ በመስከረም፣ በጥር፣ በሚያዝያና በሐምሌ። የፍራፍሬ እርሻ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በመስመር የተተከለ ብርቱካን ወይም ማንጎ ነው። ውኃ በቦይ ይገባለታል። ዘበኛም ይቆምለታል። እኛ ያየነው እንዲህ ያለ እርሻ አይደለም። እኛ ያየነው አጋም ነው። አጋምን ማንም አልተከለውም። ማንም አይኮተኩተውም፤ ውኃም አያጠጣውም። ማዳበሪያም ሆነ የተባይ መድኃኒት አይቶ አያውቅም። ያም ሆኖ በየዓመቱ ያፈራል።

እናንተም አጋምን ታውቁታላችሁ። እረኛ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ሰው ዘወትር የሚያየውን ነገር ልብ ብሎ አያየውም። እኛም እስከዚያ ዓመት ድረስ ልብ ብለን አላየነውም ነበር።

በመስከረም

በመስከረም ዳገቱ ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ለዓይን ደስ ይላል፤ ለጎተራ ግን ክፉ ወር ነው። አሮጌው እህል አልቋል። አዲሱ ገና አልደረሰም። አጋም የሚጠቁረው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን አይደርስም። ዝናቡ ቀድሞ በጣለበት ይቀድማል፤ በዘገየበት ይዘገያል። በአንድ ቁጥቋጦ ላይ እንኳ አበባና ፍሬ አብረው ይታያሉ።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ አንድ አዛውንት ገበሬ ቤት ደረስን። ግቢያቸው ዙሪያውን በአጋም የታጠረ ነው። አጥሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ቅጠሉ ጠንከር ያለና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በበጋም አይረግፍም። እሾሁ ሁለት ሁለት እየሆነ ይወጣል። ዶሮ እንጂ ፍየል አያልፍበትም። በየመካከሉ ቁልቋል ቆሟል።

«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ይባላል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የአጋሙ እሾህ ቁልቋሉን ይወጋዋል። ነጭ ወተት ይፈሰዋል። በዚህ አጥር ላይ ተረቱን በዓይናችን አየነው። የቁልቋሉ ጎን ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል። ተረቱ የማይናገረው ነገር ግን አለ። አጋሙም ራሱ ወተት አለው። ቅርንጫፉን የሰበረ ሰው እጁ ይጣበቃል። ስለዚህ ማን በማን ላይ እንደሚያለቅስ እንጃ።

ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ ነው። ቀጥሎ ይቀላል። መጨረሻ ላይ ይጠቁራል። በጣት ሲያሹት ጭማቂው ወይን ጠጅ ነው። በውስጡ ጥቂት ዘሮች አሉ። የግቢው ልጆች ሦስት ነበሩ። ምላሳቸው፣ ከንፈራቸውና የሸሚዛቸው ደረት ቀለም የነካው ይመስላል። አንዷ ልጅ አንድ ጣሳ ሙሉ ለቅማ ሰጠችን። እኛ ቸኩለን ቀዩን አነሣን።

«ኧረ ቀዩን አይብሉት ጋሼ! አፍ ያጣብቃል» አለችን።

እውነቷን ነው። ቀዩ ይኮመጥጣል፤ ወተቱም ገና አልለቀቀውም። ጥቁሩ ግን ይጣፍጣል። ጣፋጭነቱ ኮምጠጥ ያለ ነው። አንድ እፍኝ የበላ ሰው ሁለተኛውን ይፈልጋል።

አለቃቀሙን ልጅቷ አሳየችን። እጅን ወደ ውስጥ መስደድ አይገባም። በግራ እጅ ቅርንጫፉን ከጫፉ ያዝ አድርጎ ወደ ራስ መሳብ ነው። በቀኝ እጅ ፍሬውን ጠምዘዝ ማድረግ ነው። የበሰለው በቀላሉ ይለቃል። እምቢ ካለ አልበሰለምና መተው ነው። ይህ ሁሉ ቀላል ይመስላል። እኛ ግን ሦስት ጊዜ ተወጋን።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መረንዝ የሚባል ዛፍ አለ። መረንዝ የአጋም ዘመድ ነው። ፍሬውም ሲበስል እንደ አጋም ይጠቁራል። ቅጠሉና ልጡ ግን ሰው የሚገድል መርዝ አለው። ጥሬ ፍሬውም አደገኛ ነው። በጥንት ዘመን አዳኞች የፍላጻቸውን ጫፍ በዚህ ዓይነት ዛፍ መርዝ ይቀቡ ነበር። መለያው እሾህ ነው። አጋም እሾህ አለው፤ መረንዝ የለውም። ልጆቻችሁ እሾህ ከሌለው ቁጥቋጦ ጥቁር ፍሬ እንዳይለቅሙ ንገሯቸው።

አዛውንቱ ጠላ አስቀዱልን። አጋሙን ማን እንደ ተከለው ጠየቅናቸው።

«ወፍ» አሉን። «አያቴ ድንጋዩን ካቡ። ወፍ በካቡ ላይ እየተቀመጠች ዘሩን ጣለች። እኛ አልነቀልነውም፤ ሥራችን ይኸው ነው። ፍሬው የሕፃናት ነው። አጥሩ የእኔ ነው።»

በውጭ አገር ሰዎች ያለ ማዳበሪያና ያለ ተባይ መድኃኒት የበቀለ ፍሬን አብልጠው ይገዛሉ። ኦርጋኒክ ይሉታል። ኦርጋኒክ ለመባል ግን መርማሪ መጥቶ እርሻውን ማየትና ወረቀት መስጠት አለበት። በአገራችንም በ1998 ዓ. ም. ስለ ኦርጋኒክ እርሻ አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 488 ነው። የአዛውንቱ አጥር ወረቀት የለውም። ደግሞም ወረቀት የሚጠይቅ ገዢ መጥቶ አያውቅም። በገበያ ቀን አንድ ሁለት ልጆች በጣሳ ይዘውት ይወጣሉ። ከተሸጠ ደብተር ይገዙበታል። ካልተሸጠ በመንገድ ይበሉታል።

የአዛውንቱ ልጅ ጎልማሳ ነው። ሚስት አለው፤ ሦስቱ ልጆች የእርሱ ናቸው። እርሱ ስለ አጋም የሚያስበው ሌላ ነው።

«ይህ አጥር ሁለት እርምጃ መሬት በልቶብኛል» አለን። «ዙሪያውን ቁጠሩት። መሬቴ እኮ ሦስት ቃዳ አትሞላም። ነቅዬ ባሕር ዛፍ ብተክል በጥቂት ዓመት ቋሚ ይሆናል። ቆርቆሮ እገዛበታለሁ። አጋምን ማን ይገዛኛል?»

ልጁ ተሳስቷል ለማለት አልደፈርንም። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ያህል ነው። በሦስት ቃዳ መሬት ሰባት ሰው ሲኖር ሁለት እርምጃ ቀላል አይደለም። ባሕር ዛፍም በደቡብ ጎንደር ለብዙ ገበሬ ገንዘብ ሆኗል። አዛውንቱ ግን ፊታቸውን አዞሩ። ምራታቸው ጀበናውን ስትጥድ ሳለ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ባሕር ዛፉን ከዳገቱ ይትከለው። ከደጄ ግን አጋሜን አይንካብኝ።»

ነገሩ በቤቱ ውስጥ የቆየ ክርክር እንደ ሆነ ገባን።

የአንዲት ሴት ታሪክ

«ማን ይገዛኛል?» ላለው መልስ አልነበረንም። ግን አንድ ታሪክ እናውቅ ነበርና በምሽት አወራናቸው። ለእናንተም እንንገራችሁ።

በአሜሪካ ብሉቤሪ የሚባል ፍሬ አለ። ሰማያዊ ፍሬ ማለት ነው። መጠኑ ከአጋም ተለቅ ይላል። ዛሬ በብዙ አገር ይመረታል፤ በውድ ዋጋም ይሸጣል። ከመቶ ዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ ግን እርሱም እንደ አጋም የዱር ቁጥቋጦ ነበር። ሰዎች ከጫካ ይለቅሙት ነበር እንጂ ማንም አያለማውም ነበር። ብዙዎች ለማልማት ሞክረው አልሆነላቸውም።

ፍሬድሪክ ኮቪል የሚባል የዕፅዋት ሊቅ ለምን እንደማይሆን መረመረ። ብሉቤሪ የሚወደው ኮምጣጣ አፈር ነው። ገበሬው ግን በሰባ ማሳው ይተክለዋል፤ ተክሉም ይሞታል። ኮቪል ይህን ጽፎ አወጣ። በኒው ጀርሲ ግዛት የምትኖር ኤልሳቤጥ ኋይት የምትባል የገበሬ ልጅ ጽሑፉን አነበበችና በ1903 ዓ. ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1911፣ ደብዳቤ ጻፈችለት። «መሬቱ ከእኛ፣ ጥናቱ ከአንተ ይሁን» የሚል ስምምነት አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር እኛን አስገርሞናል። ወደ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ወደ ለቃሚዎቹ ሄደች። ከሁሉ የሚበልጥ ፍሬ ያለው የትኛው ቁጥቋጦ እንደ ሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ቀዳዳ ያለው መለኪያ ሰጠቻቸው። የቀዳዳው ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ፍሬው በቀዳዳው ካላለፈ ቁጥቋጦው ተፈላጊ ነው። ላገኘው ሰው ገንዘብ ከፈለች። ቁጥቋጦውንም ባገኘው ሰው ስም ጠራችው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የመጀመሪያው የለማ ብሉቤሪ ለገበያ ወጣ።

አዛውንቱ ጸጥ ብለው ሰሙ። ከዚያ «የኛውስ ስንት ይሆናል?» አሉ። ማስመሪያ አወጣን። በጣሳው ውስጥ ካለው ትልቁን መርጠን ለካን። አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ሆነ። በሴትዮዋ ቀዳዳ ሾልኮ ይወድቃል ማለት ነው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ልጅየው ከሁሉ የበለጠ ሳቀ።

ምራታቸው ግን አልሳቀችም። «እኔ የተሻለውን አውቀዋለሁ» አለች። «በምንጩ መውረጃ አንድ አለ። ፍሬው ትልቅ ነው፤ ቶሎም ይጣፍጣል። ልጆቹ ሁልጊዜ ወደዚያ ነው የሚሮጡት።» በማግስቱ ከዚያ ቁጥቋጦ ጥቁር ጥቁሩን ለቅማ መጣች። ፍሬውን በውኃ አሸች፤ ዘሩን አጠበች። በአሮጌ ጣሳዎች አፈር ሞልታ ዘራችው። የአጋም ዘር ትኩሱ ይሻላል፤ ማቆየት አይገባም። ከዚህ በላይ ምንም አልተናገረችም።

በጥር

በጥር አገሩ ሌላ ነው። እህሉ ታጭዷል፤ ተወቅቷል። ማሳው ባዶ ነው። ከብቶች ያለ ጠባቂ ተለቀዋል። ልቅ ግጦሽ ይባላል። ሣሩ ሲያልቅ ቃርሚያውን፣ ቃርሚያው ሲያልቅ ቁጥቋጦውን ይነጫሉ። በእግራችን ስንሄድ በሜዳ ላይ አንድም ችግኝ አላየንም። በዚህ ወር አረንጓዴ ነገር የሚታየው በሁለት ቦታ ነው፤ በእሾህ ውስጥና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ።

በደቡብ ጎንደር ከሺህ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ በደረቅ ሜዳ ላይ እንደ ተቀመጠ አረንጓዴ ቆብ ይመስላሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። አንዳንዶቻችሁ ስማቸውን የምታውቁት «እመጓ» በሚለው ልብ ወለዳቸው ይሆናል። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ተመዝግበዋል። ሌላም ነገር መረመሩ። ከደኑ ውስጥ የተወሰነውን ቦታ አጥረው ከብት እንዳይገባ አደረጉ። በታጠረው ቦታ ችግኞች በቀሉ፤ በሕይወትም ቆዩ። ከብት በሚገባበት ግን ተረጋግጠውና ተበልተው አለቁ። ከዚህ በኋላ ማርጋሬት ሎማን ከምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ጋር ሆነው በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ የመጣው ከገበሬው ማሳ ነው። ማሳው ጸዳ፤ ደኑም ታጠረ።

እኛም በእብናት አንድ እንዲህ ያለ ደን ገባን። አንድ ቄስ መሩን። በካቡ ሥር አጋም ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። በአንዱ ቁጥቋጦ መካከል ቀጭን የወይራ ችግኝ አየን። ክንድ ያህል ይሆናል። ዙሪያውን እሾህ ነው። ላም ምላሷን መስደድ አትችልም።

«አባ፣ ይህን ማን ተከለው?» አልን።

«እኛ አይደለንም» አሉ ቄሱ። «አጋሙ ነው ያሳደገው። ከፍ ሲል ራሱን ይችላል።»

ከደኑ ወጥተን ወደ አዛውንቱ ቤት ስንደርስ ከታች በኩል ያለው አጥር የለም። ልጃቸው ነቅሎታል። ግንዱና ሥሩ በደጅ ተቆልሏል። አጋም ጥሩ ማገዶ ነው። ሥሩንም ለቡዳ የሚያጥኑ ሰዎች ይፈልጉታል፤ ጥቂቱን ጎረቤት ወስዶታል። አዛውንቱ ስለ ነገሩ አላወሩም። ምራታቸውም አላወራችም። ጣሳዎቹን ከምድጃው በስተኋላ ጥላ ቦታ አስቀምጣቸዋለች። እቃ ባጠበች ቁጥር በእጣቢው ታጠጣቸዋለች። እኛ ስናይ ከጣሳዎቹ አንዳንዶቹ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥተው ነበር። አንዳንዶቹን ዶሮ ጭራቸዋለች።

በዚያው ሰሞን ወደ ደብረ ታቦር ወጣን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን መጠን አጋሙ እየሳሳ ሄደ። በምትኩ ቀጋ መጣ። ቀጋ የጽጌረዳ ወገን ነው፤ በአገራችን በዱር የሚበቅል ጽጌረዳ እርሱ ብቻ ነው። ፍሬው ቀይ ሆኖ ሲደርስ ልጆች ፀጉሩንና ዘሩን አራግፈው ልጣጩን ይበላሉ። ከደብረ ታቦር ወዲያ ጉና አለ። የጉና ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ቀጋም የለም። ጅባራና አስታ ነው ያለው። አስታ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ ቁጥቋጦ ነው፤ ሰው ለማገዶ ይቆርጠዋል። የአስታ ነገር ግን ይገርማል። ያ ውድ ብሉቤሪ በዘሩ የአስታ ወገን ነው። ዕፅዋትን የሚያጠኑ ሰዎች በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። አስታ ለሰው የሚሆን ፍሬ የለውም እንጂ የአሜሪካው ፍሬ ዘመድ ከጉና ላይ ቆሟል።

በሚያዝያ

በሚያዝያ የደረስነው ከጥቂት ካፊያ በኋላ ነው። አጋሙን ከማየታችን በፊት አሸተትነው። አበባው ትንሽ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከውጭ በኩል ቀላ ይላል። ሽታው እንደ ጽጌ ነው። ንብ በአጥሩ ላይ ትጮኻለች። አንድ ጎረቤት ቀፎውን ወደዚህ አጥር ያስጠጋው በዚህ ምክንያት ነው።

አዛውንቷ፣ የገበሬው ባለቤት፣ ከዚያ በፊት ብዙ አላነጋገሩንም ነበር። በሚያዝያ ከአጥሩ ሥር አብረውን ተቀመጡ። ስለ ወሩ ጠየቅናቸው። ሚያዝያ በእብናት ክፉ ትዝታ ያለው ወር ነው።

በ1977 ዓ. ም. በሰሜኑ አገር ታላቅ ረሃብ ነበር። በእብናት የእርዳታ መጠለያ ተከፍቶ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ገቡበት። ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡ ነበሩ። በሚያዝያ መጨረሻ ባለሥልጣኖች መጠለያውን በኃይል በተኑት። ዝናብ ጀምሯልና ወደየቀያችሁ ተመልሳችሁ እረሱ ተባሉ። ጎጆዎቹ ተቃጠሉ። ገና ያላገገመ ሰው፣ ሕፃን የያዘች እናት፣ ሁሉም መንገድ ገባ። ነገሩ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። ለተበተኑት ግን ጋዜጣው አልደረሰላቸውም።

አዛውንቷ ስለዚያ ዘመን ማውራት አልፈለጉም። አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«በሚያዝያ አጋም አበባ ነው። አበባ ደግሞ አይበላም።»

አንዳንድ ሰው የዱር ፍሬን ለረሃብ መድኃኒት አድርጎ ያወራል። እኛ አንስማማም። አጋም ከመስከረም በፊት ላለው ችግር ትንሽ ያግዝ ይሆናል። እርሱም ቢሆን የልጅ አፍ ያረጥባል እንጂ የቤት እንጀራ አይሆንም። እብናት ዛሬም እህል የሚያጥራት ወረዳ ናት። ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት በሚባለው ፕሮግራም ታቅፋ ቆይታለች። በዚህ ፕሮግራም ሰዎች እርከን ይሠራሉ፤ የተራቆተ ተራራ ይከልላሉ፤ በምላሹም እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላሉ። የተከለለውን ተራራ «ከንክኪ ነፃ» ይሉታል። ከብት አይገባበትም ማለት ነው። እንዲህ ያለ አንድ ዳገት በሩቅ አሳዩን። ማንም ሳይተክለው አጋም ተመልሶበታል። ከሩቁ ነጭ ነጭ ይላል። ከአጠገቡ ያልተከለለ ዳገት አለ። አፈሩ አንድ ነው፤ ዝናቡም አንድ ነው። እርሱ ግን ድንጋይ ብቻ ነው።

በሐምሌ

በሐምሌ መንገዱ ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ ከመኪና ወርደን ገፋን። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይጀምርና እስከ ማታ አይለቅም። እረኞች ለቡሄ ጅራፍ መግመድ ጀምረዋል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ በዓሉ ደብረ ታቦርም ስለሚባል ከተማዋ ልዩ አድርጋ ታከብረዋለች። አጋሙ ፍሬ ይዟል፤ ግን አረንጓዴ ነው። ልጆቹ በየቀኑ እየሄዱ ያዩታል። እናታቸው ትቆጣለች፤ ነገ ደግሞ ሄደው ያያሉ።

በታች በኩል፣ አጋሙ በተነቀለበት፣ የባሕር ዛፍ ችግኝ በሁለት መስመር ተተክሏል። ልጅየው የተናገረውን ፈጽሟል። በላይ በኩል ያለው አጥር ግን አልተነካም። እንዴት እንደ ተስማሙ አልጠየቅንም።

ከቤቱ በስተቀኝ ድሮ በር የነበረ ክፍት ቦታ አለ። እዚያ ምራታቸው ጣሳዎቹን ደርድራ ቆማ ነበር። ከዘራችው ሁሉ የዳኑት 14 ናቸው። ቁመታቸው ስንዝር አይሞላም። እሾሃቸው ገና ለስላሳ ነው። አዛውንቱ በከዘራቸው ቦታ ያመለክታሉ። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ልጃቸው ነው። ዶማውን ሲያነሣ «የሚሊ ሜትሯ ሴትዮ መጣች» እያለ ሚስቱን ያሾፍባታል። እርሷም «ዝም ብለህ ቆፍር» ትለዋለች።

ዝናቡ ሳይጀምር አሥራ አራቱም ገቡ። ልጆቹ በየችግኙ ዙሪያ ድንጋይ ከበቡ። ከድንጋዩ ላይ የተቆረጠ የአጋም ቅርንጫፍ ደረቡበት። ፍየሏ ከማጀቱ በር ቆማ ታያለች። አዛውንቱ ወደ እርሷ ሄዱና ገመዷን አሳጠሩት።